ከመጠለያው መስክ ያነሣነው አፈር

አዲስ አበባ ያለው ላቦራቶሪያችን እስከ ወገቡ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ መስኮቱ ወደ ጽድ ዛፎች የሚያይ አንድ ረጅም ክፍል ነበር። ሥራችን አፈር ነው። ከየአገሩ በጠርሙስ ይመጣል፤ እናደርቀዋለን፣ እንፈጨዋለን፣ በተጣራ ውኃ እናቀጥነዋለን፤ ከዚያ ጠብታውን በመስታወት ሳህን በረጋ ምግብ ላይ እንቀባዋለን። ትንሽ ቆይቶ በአፈሩ ውስጥ የነበሩት ተህዋሲያን አንዱ እንደ ሻጋታ፣ አንዱ እንደ ቅባት ጠብታ፣ አንዱ እንደ ኖራ ብናኝ እየሆኑ ብቅ ይላሉ። እነዚያን ኖራ የሚመስሉትን ለይተን እናረባቸዋለን። ያረቡበትን ፈሳሽ አጥርተን በሕይወት ባለ አሜባ ላይ እናንጠባጥባለን። አሜባው ከሞተ መዝገብ ላይ ምልክት እናደርጋለን። አይሞትም ነበር። ሥራው እንዲህ ነበር፤ ከጧት እስከ ማታ የማይሞት ነገር ማየት።

አለቃዬ ምሥራቅ አውሮፓ ተምሮ የመጣ የተህዋሲያን ዶክተር ነው። ሲናገር ድምፁን አያነሣም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አፈር ውስጥ መድኃኒት መፈለጉ ግራ ገብቶኝ ብጠይቀው እንዲህ አለኝ፦

“አፈር ውስጥ አሜባ ባክቴሪያ እያደነ ይበላል። ባክቴሪያውም ዝም ብሎ አይበላለትም፤ መርዝ ያበጃል። እኛ የምንፈልገው ያንን መርዝ ነው። የሰው አንጀት ውስጥ የገባውን አሜባ የሚገድል፣ ሰውየውን የማይገድል።”

የሰውን አንጀት የሚበላውን አሜባ የምቀልበው እኔ ነበርኩ። ምግቡ በሙቀት የረጋ እንቁላል ነው፤ ላዩ ላይ የሩዝ ዱቄት ይነሰነስለታል፤ የሰው ገላ ያህል በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋ አሜባው ያለባቸውን የመስታወት ቱቦዎች ጋዋኔ ውስጥ ከትቼ በብብቴ አሞቃቸው ነበር። አንድ ቀን እንዲህ ታቅፌያቸው ቁጭ ብዬ ሳለ አክስቴ ትዝ አለችኝ። የገደላትን ነገር በብብቴ ይዤ እያሞቅሁት ነበር።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ አምባሰል ቆላው ላይ ትኖር ነበር። በዚያ በረሀቡ ክፉ ቀን ከቀዬዋ ተነሥታ ሐይቅ አጠገብ ከተተከለው መጠለያ መግባቷን የሰማነው ከሞተች በኋላ ነው። የአባቴ ቤት ሐይቅ ከተማ ውስጥ ነው፤ ከመጠለያው በእግር የሚደረስ። አልመጣችም፣ መልእክትም አልላከችም። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ነው የገደላት፤ አሜባ ነው አሉ። አባቴ ቀብሯን ፍለጋ ሄዶ መስኩን ዞሮ ዞሮ ተመለሰ። ቀብሩ ያኔ እንደ እርሻ ትልም የተያያዘ ነበር፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ። አባቴ ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል ባለው መንገድ አላለፈም።

ዶክተሩ ከወሎ አፈር እንዲመጣ ሲፈልግ እኔን ይዞኝ የሄደው የአገሩ ልጅ ስለሆንኩ ነው። በበጋው መካከል ነበር። ላንድሮቨሯ ከደሴ ወርዳ ሐይቁ ወለል ሲል ዶክተሩ “እንዴት ያለ አገር ነው!” አለ። ውኃው ያን ቀን ንፋስ አልነካውም፤ የተኛ ይመስል ነበር።

መጀመሪያ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዘንድ ቀረብን። የታተመ ደብዳቤያችንን ገልብጦ አይቶ መለሰልን።

“ጓድ ዶክተር፣ አፈሩ ምን ይሆናል?”

“መድኃኒት እንፈልግበታለን።”

“አፈር ውስጥ?”

“አዎ፣ አፈር ውስጥ።”

ሊቀመንበሩ መሬቱን አየ። እግሩ ሥር ያለውን እንደ አዲስ ነገር ትክ ብሎ ተመለከተው። “ይሄን ያህል አፈር ላይ ቁጭ ብለን፣ መድኃኒቱ እዚሁ ካለ፣ ታዲያ እኛ ለምን አለቅን?” አለ። መልስ ሳይጠብቅ የፈቃድ ወረቀት ላይ ማኅተሙን መትቶ ሰጠን።

እኛ ሳንነሣ ወሬው ተነሣ። የሠፈራ ዘመን ነው፤ ሰው በመኪና እየተጫነ ወደማያውቀው አገር ይወሰድ ነበር። አንዱ ጠቢብ “የሚወስዱበት አገር አፈር ከዚህ ጋር ይስማማ እንደሆነ ሊለኩ ነው” ብሎ አወራ። በገበያ ቀን ከአንዲት ጨርቅ ሻጭ አፍ ሰማሁት፤ እኔ መሆኔን ሳታውቅ ለጎረቤቷ “አፈር ይቀድማል፣ ሰው ይከተላል” ስትል።

ከሐይቁ ዳር ደንገሉ ሥር ቆፈርን። ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ካለው ማሳ ቆፈርን። አምባሰል ተራራ ግርጌ ወጥተን ከግራር ሥር፣ ከድንጋይ ካብ ጥግ ቆፈርን። በሄድንበት መንገዱ ባዶ ነው። ከፊታችን ጭስ ይታያል፣ ስንደርስ በር ተዘግቷል። ግን የሚያዩን ዓይኖች እንዳሉ ጀርባችን ያውቀዋል። ከተራራው ግርጌ ቆፍረን ጥቂት እንደተራመድን መነጽሬን ረስቼ ተመለስኩ። አንዲት ሴት የቆፈርናትን ጉድጓድ በእጇ ሞልታ በተረከዟ ስትጠቀጥቃት ደረስኩ። አልደነገጠችም።

“ምነው እቴ?” አልኳት።

“የተከፈተ ጉድጓድ ሰው ይጠራል፤ ምነው እናንተ ወግ አታውቁም?” አለችኝ። ቀና ብላ መነጽሬን ከድንጋዩ ላይ አንሥታ ሰጠችኝ።

ስንመለስ ዓይኔን በመንገዱ ግራና ቀኝ ጣልኩ። ስንወጣ የቆፈርናቸው ሁሉ ተደፍነው ነበር። ከሷ በቀር የደፈናቸውን ሰው አንድም አላየንም።

የመጠለያውን መስክ ሐሳብ ያነሣው ዶክተሩ ነው። ብዙ በሽተኛ የነበረበት አፈር የተለየ ነገር ሊኖረው ይችላል ብሎ አሰበ። አክስቴ እዚያ መቀበሯን ነገርኩት። መኪናው ውስጥ ነበርን፤ ሞተሩን አጠፋ።

“እንተወዋለን። ሌላ ቦታ ሞልቷል” አለኝ።

“እንሄዳለን፤ ግን እኔ ነኝ የምቆፍረው” አልኩት። ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ በቅጡ አላውቅም። ምናልባት አባቴ ዞሮ ያጣውን እኔ ላገኘው ፈልጌ ይሆናል።

ሊቀመንበሩ የሰጠን መሪ በመጠለያው ጀናዛ ያጥቡና ይቀብሩ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ወንዱን እሳቸው፣ ሴቱን ባለቤታቸው ነበሩ የሚያጥቡት፤ ባለቤታቸውም በመጨረሻ ታመው እዚያው ተቀብረዋል። ሽማግሌው ነጭ ጥምጣማቸውን አጥብቀው ቀድመውን ሄዱ።

መስኩ ከሐይቁ በላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ድንኳን የለም፣ ካስማ የለም። ዙሪያው በጋ ስለሆነ ቢጫ ነው፤ መስኩ ብቻ ጥቁር አረንጓዴ ሣር አብቅሎ በትልም በትልም ሰርጎድ ሰርጎድ ብሏል። አንዲት ጥጃ አፋፉ ላይ ደርሳ ቆመች፣ አሸተተች፣ ተመለሰች። ጠባቂ አልነበራትም።

እኔም አሸተትኩ። ዝናብ ካየን ወራት አልፈዋል፤ መስኩ ግን የመጀመሪያ ዝናብ የመታው አፈር ሽታ ይሸታል።

“ዘንቦ ነው እንዴ?” አልኳቸው።

“አልዘነበም ልጄ። ይኸ ቦታ እንዲህ ነው ሁልጊዜ።”

ዶክተሩ ቀስ ብሎ “የባክቴሪያ ሽታ ነው፤ እኛ የምንፈልጋቸው ናቸው እንዲህ የሚሸቱት” አለኝ። ልክ ነበር፤ ሳህናችን ላይም ይሸታል። ግን እንዲህ ያለ ሜዳ ሙሉ አሽትቼ አላውቅም።

ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘርግተው ለሙታኑ “አሰላሙ ዐለይኩም” አሉ። ከዚያ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆሙ። ብዙ ቆዩ። ዶክተሩ ወደኔ አየ።

“አባባ፣ ምን እየጠበቁ ነው?” አልኳቸው።

“መልሳቸውን።”

“ይሰማል እንዴ?”

“እኛ አንሰማም። ይመልሳሉ ግን። ሰላም ብሎ መልሱን ሳይጠብቁ ማለፍ ነውር ነው፣ ለሞተም ለቆመም።”

እኔም ሰላም ብዬ ቆምኩ። ከሐይቁ በኩል ይሰማ የነበረው የእንቁራሪት ድምፅ በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና “በሉ አሁን” አሉን።

ስቆፍር ጠየቅኋቸው። “አክስቴ ከዚህ ናት። ረጅም ናት፤ እኔን ትመስላለች ይላሉ። አያስታውሷትም?”

ፊቴን አላዩም፤ መሬት መሬቱን ነው ያዩት። “ያኔ ፊት አላይም ነበር፣ የኔ ልጅ። ፊት ካየሁ መቅበር አልችልም ነበር። ስምም አልጠየቅሁ። አላህ ያውቃቸዋል ብዬ ነው የማስገባቸው።”

በእሳት ለብልቤ ያጸዳኋትን ማንኪያ ወደ ውስጥ ሰደድኳት። የወጣው አፈር ጥቁር ነው፣ ይላላል፤ መዳፌ ላይ ሲያርፍ ለብ ያለ ነበር። ፀሐይ ነው ያሞቀው አለ ዶክተሩ። ፀሐይ ይሆናል። ጠርሙሱን ዘግቼ ጉድጓዷን እኔው ራሴ በእጄ ሞላሁና በተረከዜ ጠቀጠቅኋት።

አዲስ አበባ ተመልሰን ያን አፈር በሳህን ቀባነው። የሌላው ቦታ አፈር እንደ ወትሮው ቀስ እያለ አደገ። የመጠለያው ግን ፈጥኖ ሳህኑን ሞላው፤ አመድማ፣ ዱቄት የለበሰ፣ መሐሉ ሰርጎድ ያለ። ሣጥኑን ስከፍት ያ ሽታ ክፍሉን ሞልቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ይዛ ከበር ላይ ቆመች።

“እቴ፣ ማን ሞተብሽ?” አለችኝ።

“ማንም አልሞተብኝም።”

“ታዲያ ይኸ የቀብር ሽታ ምንድን ነው?”

ነገርኳት፤ ባክቴሪያ ነው አልኩ። አማተበች። ከዚያ ወዲህ ከበሩ አልፋ የኛን ክፍል አላጸዳችም፤ ውስጡን እኔ ነበርኩ የምወለውለው።

ፈሳሹን አጥርቼ ያንጠባጠብኩ ለት ቀኑ ብሩህ ነበር፤ ፀሐይ በጽዶቹ መካከል ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ አርፋለች። አሜባዎቹን በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው አይረሳቸውም። ቅርጽ የላቸውም። ከገላቸው አንድ ወገን እንደ ጣት ያወጣሉ፣ ያቺ ጣት የምትፈልገውን ታገኛለች፣ ቀሪው ገላ ይከተላታል። ሆዳቸው ውስጥ የበሉት የሰው ደም ሕዋስ ይታይ እንደነበር ከበሽተኛ ያመጣናቸው ሰሞን አይቻለሁ። ጠብታዋን ጨምሬ ስመለከት አንዱ ጣቱን እንዳወጣ ቆመ። ከዚያ ሰበሰባት። ክብ ሆነ። አጠገቡ ያለውም ክብ ሆነ። በየተራ፣ አንድ ሰው ዝም በሉ ያላቸው ይመስል፣ ሁሉም ክብ ሆኑና ቆሙ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ፈነዳና ሆዱ ውስጥ የነበረው በውኃው ላይ ተበተነ።

መስኩ ላይ ዝም ያሉት እንቁራሪቶች ትዝ አሉኝ። ወንበሬን ገፍቼ ተነሣሁ።

ዶክተሩ መጥቶ አየ። ብዙ አየ። “ድገሚው” አለኝ። ደገምኩት። “እንደገና ድገሚው።” ያው ሆነ። ያን ዕለት ዶክተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት፤ ከሣቀ በኋላ ዓይኑን ጠረገ። እኔ አልሣቅሁም። የገደላትን የሚገድለው እሷ ከተኛችበት አፈር ወጣ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ያንን ሳህን ሳነሣ በሁለት እጄ ነበር የማነሣው። ጧት ስገባም ሣጥኑን ከመክፈቴ በፊት በልቤ ሰላም እላለሁ። እብደት መስሎ እንደሚታይ አውቃለሁ። ግን ሰላም ብዬ ትንሽ እቆም ነበር።

ከዚያ ሳህኑ መለወጥ ጀመረ። ከሳህን ወደ ሳህን በተዛወረ ቁጥር ዱቄቱ እየቀነሰ ሄዶ ራሰ በራ ሆነ፤ ተላጨ። ሽታው ጠፋ። አንድ ቀን ፈሳሹን ባንጠባጥብ አሜባዎቹ ጣታቸውን እያወጡ መሄዳቸውን ቀጠሉ፤ ጭራሽ የደለቡ መሰለኝ። ዶክተሩ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያጋጥም ነገረኝ፤ ተህዋሲያኑ በሳህን ላይ ጠላት ሲያጡ፣ ሲመቻቸው፣ መርዙን ይተዉታል። ያስቀመጥነውን ትርፍ አፈር ቀባን፤ ከሱም አልመጣልንም።

“አፈሩ ካለበት ሄደን እንደገና እናነሣለን” አለ።

ዳግመኛ የሄድነው ክረምቱ ወጥቶ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ሊቀመንበሩ ያው ሰው ነበር፤ ግን ከስቶ ልብሱ ሰፍቶታል። ደብዳቤያችንን አልጠየቀም።

“ሽማግሌው የት ናቸው?” አልኩት።

“ተጫኑ። ያ ማዶ መንደር እንዳለ ተጫነ።” ወደ መስኩ አቅጣጫ ባገጩ አሳየን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “እኔን አትዩኝ፤ ከላይ የመጣ ነው። ሰዉ ግን እናንተን ነው ያለው። አፈሩ ቀደመ፣ ሰዉ ተከተለ” አለ።

ዶክተሩ “እኛ ከሠፈራ ጋር ምንም የለንም!” አለ።

“አውቃለሁ ጓድ ዶክተር” አለ ሊቀመንበሩ፤ “ማወቄ ምን ይሠራል?”

ወደ መስኩ ስንሄድ በመንደሩ መካከል አለፍን። በሮቹ ክፍት ናቸው። አንዱ ደጅ ላይ ሙቀጫ ከነዘነዘናው ቆሟል። ሰው የለም፣ ከብት የለም፣ ውሻ እንኳ የለም፤ ድመቶች ብቻ ቀርተዋል። በየደጁ አንድ አንድ ሆነው ተቀምጠው፣ ስናልፍ አንገታቸውን እያዞሩ ያዩናል። አንዳቸውም አልጮኹም። ዶክተሩ መኪናውን በእግር ፍጥነት ያህል ይነዳ ነበር፤ ለምን እንደማይፈጥን አልጠየቅሁትም።

የመጨረሻው ጎጆ ጋ ስንደርስ አንዲት አሮጊት ከውስጥ ወጡ። በሠፈራው ለት ጎተራ ውስጥ ተደብቀው የቀሩ መሆናቸውን ኋላ ነው የተረዳነው። ሰላም ልላቸው ብዬ ከመኪናው ወረድኩ። አዩኝ። ሁለት እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ።

“ተነሣሽ?” አሉኝ።

አልገባኝም። ቀረቡና ፊቴን በመዳፋቸው ዳሰሱኝ፤ እጃቸው እንደ ደረቅ ቅጠል ነው። “ተነሣሽ እንዴ፣ እህቴ? እኔ እኮ በእጄ ነው ያስተኛሁሽ!”

ዶክተሩ መጥቶ ክንዴን ያዘ። “እማማ፣ እኔ አይደለሁም። የወንድሟ ልጅ ነኝ” አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ጥርሴን እንዳሳይ አደረጉኝ። አክስቴ የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነበር። የኔ ግጥም ያለ መሆኑን ሲያዩ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ማልቀስ ጀመሩ።

በመጠለያው አንድ ሰሌን ላይ አብረዋት የተኙ የአምባሰል ሴት ነበሩ። ሌሊትና ቀን ለሰገራ ስትነሣ ደግፈው የሚያወጧት እሳቸው ናቸው።

“ለምን ወንድሟ ጋ አልላከችም?” አልኳቸው። “ቤታችን እዚያ ነው! ይታያል እኮ!”

“እንልካለን ስላት እምቢ አለች። ልብሷ ደም በደም ነበር። ‘ወንድሜ ጓዜን ጭኜ በበቅሎ ስመጣ ነው የሚያውቀኝ፤ እንዲህ ሆኜ አያየኝም’ አለች። ወላሂ ለመንኳት።”

“የት ነው ያለችው? የትኛው ትልም ላይ?”

“ትልም?” አሉ ተቆጥተው። “ከዚያ አልጨመርኳትም! ሁለት ወንዶች ለምኜ ከፍ አድርጌ ነው ያስቀበርኳት።”

ይዘውን ሄዱ። ከመስኩ ራቅ ብሎ ከአፋፉ ላይ አንዲት ወይራ አለች፤ ሥሯ ድንጋይ በክብ ተደርድሯል። ከዚያ ሐይቁ ይታያል፣ የከተማውም ጣሪያ ይታያል። ያን ሁሉ ወራት ሳህን በሁለት እጄ ሳነሣ፣ ጧት ጧት ሰላም ስል፣ አክስቴ እዚያ አልነበረችም። ሰላም የምለው ለማላውቃቸው ሰዎች ነበር። ቅር ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቅር አላለኝም። ለነሱም ሰላም የሚል አልነበራቸውምና።

መስኩ ላይ በዘመቻ ባሕር ዛፍ ተተክሎበት ነበር፤ ሣሩ ጠፍቷል፣ አፈሩ ተገላብጦ ደርቋል። ቆፈርን። ምንም አይሸትም። ያነሣነውን ሁሉ ወስደን ቀባነው፤ አንዱም አሜባ የሚገድል አላገኘንም። ኋላ ሥራው ተዘጋ፤ ዶክተሩ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ፤ እኔ የመጠጥ ውኃ መመርመር ያዝኩ።

አባቴን እጁን ይዤ ወደ ወይራዋ ወሰድኩት። የሄድነው በዚያ በሸሸው መንገድ ነበር። ድንጋዮቹ አጠገብ ቁጭ ብሎ ፋቲሐውን ቀራ፤ ከዚያ ቀና ሲል ከተማውን፣ የራሱን ቤት ጣሪያ አየ። “ታየኝ ነበር” አለ። “ከዚህ ሆና ታየኝ ነበር።”

አሮጊቷን ወደ ቤቱ ወሰዳቸው። እህቴ ናቸው ብሎ ለጎረቤት ነገረ፤ ማንም አልተከራከረም። እሳቸው ግን እኔ ከአዲስ አበባ በመጣሁ ቁጥር መጀመሪያ ጥርሴን አይተው ነው የሚስሙኝ።

ከዓመት በኋላ ለእረፍት ስሄድ ታመው አገኘኋቸው። ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፣ ደም አለው። ሰገራቸውን ጤና ጣቢያ ወስጄ ከላቦራቶሪው ሰው ጋር ራሴ አየሁት። ያው ነው፤ ጣቱን አውጥቶ ይሄዳል። መድኃኒት ቤት ሄጄ ኪኒን ገዛሁ። ማንም የሚያውቀው፣ አክስቴ ስትሞትም የነበረ፣ በየከተማው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ኪኒን ነው።

አሮጊቷ በውኃ ዋጡት። ፊታቸውን አኮማትረው “ኤጭ! ብረት ብረት ይለኛል” አሉ። በሳምንቱ ተነሥተው ከአባቴ ጋር ደጅ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።